ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ከደሴ ተነስቶ ማጥናት

መጻሕፍት የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ትረካ አብዛኛውን ጊዜ ከፖላንድ ይጀምሩታል፤ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939። ወሎ ውስጥ ለሚማር ልጅ ግን ይህ መነሻ አይመችም። ደሴ ላይ ቦንብ የወረደው ከዚያ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ቀድሞ ነው። ጦርነቱን ያመጣው የዲፕሎማሲ ክሽፈትም ከየትም በላይ ጎልቶ የሚታየው በኢትዮጵያ ጉዳይ ላይ ነው። ስለዚህ ከራስ ደጅ ተነስቶ ወደ ዓለም መውጣት ይሻላል። የሚከተለው አሠራር ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎችና ለመምህሮቻቸው የተዘጋጀ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሰው ያለው የጥናት ቡድን በአራት ቀጠሮ፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀምጦ ይጨርሰዋል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ 60 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ የፍሊፕ ቻርት ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ሦስት ቀለም ማርከር፣ ኮላ፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው አራት ቦታ የሚቆረጡ አምስት የኤ4 ወረቀቶች። ከእነዚህ ሃያ ካርድ ይወጣል። ሃያው ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ተማሪው መሸምደድ ይጀምራል።

መጀመሪያ ቀኑ ይስተካከል

በፈተና ወረቀት ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት የታሪክ ስህተት ሳይሆን የቀን አቆጣጠር ነው። ተማሪው «ጦርነቱ በ1939 ዓ.ም. ተጀመረ» ብሎ ይጽፋል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን በ1939 ጦርነቱ ካበቃ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ጊዜ ከፈረንጁ ዓመት 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ይቀነሳል። ወሩንና ቀኑን ለማግኘት የየወራችን መባቻ የት እንደሚውል ማወቅ ይበቃል፦ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዘመነ ዮሐንስ ነው። ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው የዮሐንስ ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 በአንድ ቀን ይገፋል፤ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ዓመቱን ለአራት ስታካፍሉት ቀሪ ከሌለው ዘመነ ዮሐንስ ነው። ለዚህ ጥናት የሚያስፈልጉት 1924፣ 1928፣ 1932 እና 1936 ናቸው። በተለይ 1928ን ልብ በሉ፤ የወረራው ዓመት ስለሆነ አብዛኛው ስህተት የሚገኘው እዚያ ነው።

አንድ መለማመጃ እነሆ። የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ጦር ኦጋዴን ውስጥ የተጋጩበት የወልወል ግጭት የተነሳው ዲሴምበር 5 ቀን 1934፣ ደሴ በአውሮፕላን የተደበደበችው ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ነው። ሁለቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጡ። የመጀመሪያው ኅዳር 26 ቀን 1927፣ ሁለተኛው ኅዳር 26 ቀን 1928 ይሆናል። በፈረንጁ አቆጣጠር አንድ ቀን የተዛነፈው በእኛ ልክ ዓመቱን ሞልቶ ይገኛል። ኅዳር 27 የሚል መልስ ያገኘ የዘመነ ዮሐንስን ፈረቃ ረስቷል።

ወረቀቱ

ፍሊፕ ቻርቱን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቁት፤ 30 በ90 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ። ጫፍና ጫፋቸውን 2 ሳንቲ ሜትር አደራርባችሁ በኮላ ስታያይዙ ርዝመቱ 178 ይሆናል። ከግራና ከቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ተዉ። የቀረው 168 ነው፤ ይህም ከመስከረም 1924 እስከ 1937 መጨረሻ ያለውን 14 ዓመት፣ አንድን ወር በ1 ሳንቲ ሜትር፣ በትክክል ይይዛል። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ደርቡት። እነዚህ ዓመታት የተመረጡት ጃፓን ማንቹሪያን የወረረችው መስከረም 7 ቀን 1924፣ እጇን የሰጠችበትን ሰነድ የፈረመችው ደግሞ ነሐሴ 27 ቀን 1937 ስለሆነ ነው። የዘመኑ ታሪክ ሁሉ በአሥራ አራት የኢትዮጵያ ዓመታት ውስጥ ገብቶ ያድራል።

የ30 ሳንቲ ሜትሩን ስፋት በአምስት መደብ ክፈሉት፤ እያንዳንዱ 6 ይሆናል። የላይኛው ለቀን (የእኛ ከላይ፣ የፈረንጁ ከሥር)፣ ሁለተኛው ለአውሮፓ፣ ሦስተኛው ለእስያና ለፓሲፊክ፣ አራተኛው ለአፍሪካና ለሜዲትራኒያን፣ የመጨረሻው ለወሎ።

የአንድ ቀን ቦታ እንዲህ ይሰላል፦ ከዓመቱ 1924 ይቀነስና በ12 ይባዛል፤ ከዚያ በፊት ያለቁት ወሮች ይደመሩበታል፤ ቀኑ ለ30 ተካፍሎ ይጨመርበታል። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ነው። አራት ዓመት በ12 ሲባዛ 48፣ ከመጋቢት በፊት ስድስት ወር፣ 22 ለ30 ሲካፈል 0.7፤ ድምሩ 54.7 ሳንቲ ሜትር። ሂትለር በቬርሳይ ውል ጦር እንዳይገባበት ወደ ተከለከለው ወደ ራይንላንድ ወታደሩን ያስገባው ማርች 7፣ ማለትም የካቲት 28 ቀን 1928 ነው፤ እሱ 53.9 ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ ለማይጨው ሲዘጋጁ ሂትለር የአውሮፓን ዝምታ እየለካ ነበር። ተማሪው ይህን በዓይኑ ሲያይ ኢትዮጵያና አውሮፓ ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች መሆናቸው ይቀራል።

ጠቋሚ ነጥብ የሚሆኑትን እነዚህን በእርሳስ አስቀምጡ፤ ከተረጋገጡ በኋላ በማርከር ይደምቃሉ። ኢጣሊያ ወረራውን የጀመረችው መስከረም 22 ቀን 1928 (48.7)፣ ጀርመን ፖላንድን የወረረችው ነሐሴ 26 ቀን 1931 (95.9)፣ ኢጣሊያ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ያወጀችው ሰኔ 3 ቀን 1932 (105.1)፣ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 (115.9)፣ ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን የወረረችው ሰኔ 15 ቀን 1933 (117.5)፣ ፐርል ሃርበር የተመታው ኅዳር 28 ቀን 1934 (122.9)። ሚያዝያ 27ን ከኋለኞቹ ሁለቱ ጋር አስተያዩት። ኢትዮጵያ ነጻ የወጣችው ሶቪየት ኅብረትም አሜሪካም ጦርነቱ ውስጥ ሳይገቡ ነው። «አሜሪካ ገብታ ፋሺዝምን ስታሸንፍ እኛም ነጻ ወጣን» የሚለውን የተለመደ ስህተት ወረቀቱ ራሱ ያርመዋል።

መንስኤና ሰበብ

የእኛ ቋንቋ እዚህ ላይ ይረዳል፤ መንስኤና ሰበብ አንድ አይደሉም። ወልወል ሰበብ ነው። መንስኤው የፋሺስቱ መንግሥት የግዛት ጥማትና የአድዋ ቂም ነው። ፖላንድ ሰበብ ብቻ ነች ማለት ግን አይቻልም፤ በምሥራቅ በኩል ግዛት መያዝ የሂትለር ዋና ዓላማ ነበርና። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የመንስኤ ካርድ «ይህ ባይሆን ሌላ ምክንያት ይፈልጉ ነበር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ካርዱ ሰበብ ነው፤ በቀይ ይጻፍ።

ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና በየመካከላቸው «ስለዚህ» የሚለውን ቃል ጮክ ብላችሁ አስገቡ። «ስለዚህ» ካልገባ መሀል ላይ የጎደለ ካርድ አለ። ምሳሌ፦ ጃፓን ማንቹሪያን ወረረች፤ የመንግሥታት ማኅበር ከመውቀስ አላለፈም፤ እሷም በ1933 እ.ኤ.አ. ማኅበሩን ጥላ ወጣች፤ ስለዚህ ሙሶሊኒ ወቀሳ ጦርን እንደማያቆም አየ። ኢትዮጵያን ወረረ። ማኅበሩ ወራሪ ብሎ ፈረደበት፤ ማዕቀቡም በኖቬምበር 1935 ተጀመረ፤ ነገር ግን ነዳጅ በማዕቀቡ ውስጥ አልገባም፣ የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ለምን? እዚህ «ስለዚህ» አይገባም፤ ካርድ ጎድሏል። የጎደለው ካርድ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን በሂትለር ላይ አጋር አድርገው ሊያቆዩት መፈለጋቸው ነው። በዲሴምበር 1935 የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ሰፊ የኢትዮጵያ ግዛት ለኢጣሊያ የሚሰጥ ዕቅድ በምስጢር ያዘጋጁት በዚሁ ስሌት ነበር። ምስጢሩ ወጣ፣ ሆር ከሥልጣን ወረደ። አጋር ተብሎ የታሰበው ሙሶሊኒም በኖቬምበር 1936 የሮማና የበርሊን ዘንግ መመሥረቱን አወጀ። ኢትዮጵያን አሳልፎ መስጠት ያንኑ የተፈለገውን ጥቅም እንኳ አላስገኘም። የጦርነቱን መንስኤ ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉ።

የቬርሳይ ውል፣ በ1929 እ.ኤ.አ. የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት፣ በ1932 እ.ኤ.አ. ስድስት ሚሊዮን ገደማ የደረሰው የጀርመን ሥራ አጥ፣ ሂትለር ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 ቻንስለር መሆኑ፣ የ1938ቱ የሙኒክ ስምምነት፣ ኦገስት 23 ቀን 1939 የተፈረመው የጀርመንና የሶቪየት ውል፤ እነዚህ በመማሪያ መጻሕፍት በደንብ ስለተዘረዘሩ ካርድ ብቻ ይበቃቸዋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ሁሉንም ነገር በቬርሳይ ማሳበብ ስህተት ነው። ኢጣሊያና ጃፓን በአንደኛው ጦርነት ከአሸናፊዎቹ ጎን ነበሩ፤ የእነሱን ወረራ የተሸናፊ ቂም አይገልጸውም።

ውጊያዎቹ

የውጊያ ስም መቁጠር ዕውቀት አይደለም። ለእያንዳንዱ ውጊያ ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ አጥቂው ምን ፈልጎ ነበር? ምን አለቀበት? ከዚያ በኋላ ወደፊት መሄድ ያቃተው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ዋናውን ከተራው ይለያል።

በዚህ ሚዛን የሚያልፉት ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ እስከ ኦክቶበር 1940 በእንግሊዝ ሰማይ የተደረገው ውጊያ፦ ጀርመን የአየሩን የበላይነት አላገኘችም፣ በባሕር ተሻግራ መውረሯም ቀረ። ሚድዌይ፣ ጁን 1942፦ ጃፓን አራት የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አጣች፣ አሜሪካ አንድ። ስታሊንግራድ፦ የጀርመኑ አዛዥ የጳውሉስ ጦር ተከቦ ጥር 25 ቀን 1935 የመጨረሻው ክፍል እጅ ሰጠ። ኖርማንዲ፣ ግንቦት 29 ቀን 1936፦ በአንድ ቀን 156,000 ያህል ወታደር በባሕርና በአየር ወረደ። ከኖርማንዲ ጋር ሁልጊዜ አንድ ነገር ጨምሩ፤ ያን ጊዜ ከጀርመን የምድር ጦር የሚበዛው በምሥራቅ ከሶቪየቶች ጋር ተጠምዶ ነበር። ይህን የተወ ተማሪ ጦርነቱን ያሸነፈው የምዕራቡ ጦር ብቻ ይመስለዋል።

ወደ ራሳችን መንገድ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በወልድያ፣ በቆቦ፣ በኮረምና በማይጨው አድርጎ ወደ አስመራ የሚሄደው መስመር በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ተዋግቶበታል። በ1928 የኢጣሊያው ማርሻል ባዶሊዮ ከሰሜን ወረደ። ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጥቃት ለቀናት በመዘግየቱ ጣሊያን ምሽጉን ለማጠናከር ጊዜ አገኘ፤ ክቡር ዘበኛ በድፍረት ቢዋጋም መድፉንና አውሮፕላኑን የሚመክት አልነበረውም። ሲያፈገፍግ አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ከአየር ቦንብና የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ሚያዝያ 7 ጣሊያን ደሴ ገባ፤ ከዚያ በመኪና ጉዞ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ደረሰ።

በ1933 መስመሩ ተገለበጠ። የእንግሊዙ ጄኔራል ፕላት ከሱዳን ተነስቶ ከረንን ሰብሮ ከሰሜን መጣ። ከኬንያ የተነሳው የካኒንግሃም ጦር መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም የብርጋዴር ዳን ፒናር የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ከኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች ጋር ወደ ሰሜን አቀና፤ በሚያዝያ ውስጥ የኮምቦልቻን አቀበት አስለቅቆ ደሴን ያዘ። ሁለቱ ክንዶች አምባ አላጌ ላይ ተገናኙ፤ የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ ገዥ የነበረው የአኦስታ መስፍን በግንቦት እጁን ሰጠ። የመጨረሻው ጎንደር ነበር፤ ኅዳር 18 ቀን 1934።

ጣሊያን ምን አለቀበት? መንገዱ። ሰኔ 1932 ጦርነት ሲያውጅ ሱዌዝ በጠላቱ እጅ ስለነበር ምሥራቅ አፍሪካ ያለው ጦሩ ከአገሩ ተቆረጠ፤ ነዳጅ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ መተካት አልቻለም። በ1928 ያልተዘጋው ቦይ በ1932 ተዘጋበት። በየአገሩ ያለው አርበኛም ለአምስት ዓመት ሙሉ ከየምሽጉ እንዳይንቀሳቀስ ይዞት ቆየ። ምጽዋ ከወደቀ በኋላ ሩዝቬልት ቀይ ባሕር የጦር ቀጠና አይደለም ብሎ በኤፕሪል 1941 አወጀ፤ ስለዚህ የአሜሪካ መርከቦች ዕቃ እስከ ሱዌዝ ድረስ ማምጣት ቻሉ፤ ስለዚህ የግብፁ ጦር ስንቅና ትጥቅ ተጠናከረ፤ በጥቅምት 1935 የእንግሊዙ ጄኔራል ሞንትጎመሪ ግብፅ ውስጥ ኤል አላሜይን ላይ የጀርመኑን ሮምልን የመታው በዚህ ደጀን ላይ ቆሞ ነው። በአራተኛው መደብ ላይ ከከረን እስከ ኤል አላሜይን አንድ ቀስት ስቡ፣ ከወሎ መደብም አንድ ቀጭን መስመር ወደ እሱ አገናኙ።

መሪዎቹ

የመሪ ካርድ ላይ የሕይወት ታሪክ አይጻፍ። አራት መስመር ብቻ፦ ማን፣ ከመቼ እስከ መቼ ሥልጣን ያዘ፣ አንድ ወሳኝ ውሳኔው፣ የተከተለው ውጤት። «ከመቼ እስከ መቼ» የሚለው ብዙ ስህተት ያድናል። ጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀው ቻምበርሌን ነው፤ ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሜይ 10 ቀን 1940 ነው፣ ጃፓን እጅ ስትሰጥም ሥልጣኑ በተተኪው በአትሊ እጅ ነበር። ሩዝቬልት ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ስለሞተ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ የአቶም ቦንብ እንዲጣል የወሰነው ትሩማን ነው። ቶጆ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር እንጂ ንጉሠ ነገሥት አይደለም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሂሮሂቶ ነው። ሙሶሊኒም ንጉሥ አልነበረም፤ ንጉሡ ቪቶሪዮ አማኑኤል ሦስተኛ ነበር፣ በጁላይ 1943 ከሥልጣን ያነሳውም እሱ ነው። ለስታሊን ሁለት ካርድ ያስፈልጋል፤ ከሂትለር ጋር የተዋዋለው ስታሊንና በርሊን ድረስ የዘለቀው ስታሊን በአንድ ካርድ ሲጨመቁ አንዱ ይጠፋል።

ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ካርድ ስሩ፤ ውሳኔው ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ መናገር ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ማዕቀቡ በዚያው ክረምት ተነሳ። ንግግሩ የኢትዮጵያን ክስ በዓለም ፊት አስመዘገበ፣ ጦር ግን አላመጣም፤ ሁለቱንም ጻፉ።

ሐረጎ ላይ መቆምና ሽማግሌ መጠየቅ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ መንገዱ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ይጨምራል። ማለዳ፣ ጉም ሳይኖር፣ በዚሁ አቀበት ላይ ባለው ሐረጎ ቁሙና ቁልቁል ተመልከቱ። ከታች የሚመጣ መኪና ስንት ቦታ እንደሚታይና ስንት ቦታ እንደሚሰወር ቁጠሩ። መድፈኛ እላይ ቢቀመጥ የቱን ዙሪት ይመርጣል? እግረኛስ መንገዱን ትቶ በየትኛው ሸንተረር ይወጣል? የፒናር ጦር ለምን በመንገዱ ብቻ እንዳልመጣ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። ከዚያ ደሴ ሙዚየምንና የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ማየት ይቻላል።

የ1928ን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው አሁን ማግኘት ጭንቅ ነው፤ የምታገኙት ከእናቱ ወይም ከአባቱ የሰማውን ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «ይህን ማን ነገረዎት? ያኔ የት ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሰማውን ካየው ለዩ። ቀን በቁጥር አትጠይቁ። «ምን በዓል ነበር? ገበያ ነበር ወይ? እህሉ ታጭዷል?» በሉ። ደሴ የተደበደበችበት ኅዳር 26 ዓርብ ቀን ነበር፤ ሙስሊሙ ጁምዓ ብሎ፣ ክርስቲያኑ የሐይቁን የአባ ኢየሱስ ሞዐን ዕለት ብሎ ሊያስታውሰው ይችላል። «የሰኞ ገበያ ላይ ነው» ያለ ሰው ካለ ውሸት ነው ብላችሁ አታልፉት፤ የሌላ ቀን ድብደባ ሊሆን ስለሚችል በሌላ ካርድ ይያዝ። ከመጽሐፍ የተገኘውን በሰማያዊ፣ ከአንደበት የተገኘውን በአረንጓዴ ጻፉ፤ ባይስማሙም ሁለቱም ወረቀቱ ላይ ይቆዩ።

ለአንደኛው ጦርነትም

ይኸው ዘዴ ለአንደኛው የዓለም ጦርነትም ይሠራል፤ ከመስከረም 1906 እስከ 1911 መጨረሻ ስድስት ዓመት፣ 72 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንዱ ቁራጭ ይበቃዋል። በስሌቱ 1924 የነበረው 1906 ይሆናል። የሳራዬቮው ግድያ ሰኔ 21 ቀን 1906 (9.7)፣ የተኩስ አቁሙ ኅዳር 2 ቀን 1911 (62.1)። የቨርደን ውጊያ የካቲት 13 ቀን 1908 ጀምሮ ታኅሣሥ 9 ቀን 1909 አበቃ፤ ከ29.4 እስከ 39.3 ባለው ላይ መስመር ስቡበት። ቀጥሎ በወሎ መደብ ላይ የሰገሌን ጦርነት ፈልጉ፦ ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ 37.6። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ መልእክተኞች ልጅ ኢያሱን ወደ ጀርመንና ወደ ቱርክ ያዘነበለ ብለው ሲከሱ ቆይተዋል። መስከረም 17 ከሥልጣን ወረደ፤ በወሩ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው መጥተው ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፣ ተማረኩም። ነጥቡን ስታስቀምጡት ከቨርደን መስመር ሥር ይውላል።